የግሼው ጎመን

ባለፈው ሁዳዴ ጎረቤቴ ቤት ስገባ ሰናፍጭ ስትበጠብጥ አገኘኋት። ገና በሩን ሳልፍ ሽታው ወደ አፍንጫዬ ወጣና ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ጠነከረብሽ እንዴ?» አለችኝ። አዎ ብያት በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። ውሸቴን ነው። ሰናፍጭ ስበላ ነው ያረጀሁት፤ ሽታው አያስለቅሰኝም። ያስለቀሰኝ ሌላ ነገር ነው። ውኃ የገባበት የጎመን ዘርም ልክ እንደዚያው ይሸታል። ያንን ሽታ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ መደብ ላይ ቆሜ፣ አፍንጫዬን ቅል አፍ ላይ ደቅኜ አሽትቼዋለሁ። ያን ቀን እናቴን በገዛ እጄ ያጠፋኋት መስሎኝ ነበር።

እናቴ የግሼ ልጅ ነበረች፣ የራቤል አካባቢ። አባቴን አግብታ ወደ እኛ ወደ መንዝ ስትመጣ ከለበሰችው ልብስ ሌላ ይዛ የመጣችው ነገር ቢኖር በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችው የጎመን ዘር ነው። ይህን በየዓመቱ ትነግረናለች። ጎመኑ በበቀለ ቁጥር ታሪኩም አብሮ ይበቅላል። የእሷ ጎመን ውርጭ አይነካውም፤ ቅጠሉን ቢቆርጡት መልሶ ያወጣል፤ ሲቀቀል ውኃው እንኳ ይጣፍጣል። አባቴ «ተይ እንግዲህ፣ ጎመን ጎመን ነው» ሲላት ለግማሽ ቀን ታኮርፈዋለች። ነገሩ ግን ጉራ ብቻ አልነበረም። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆትና ማሳ ላይ ያለው ገብስ ገና ሳይደርስ ቤታችንን የሚያቆመው ያ ጎመን ነበር። ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን። እኔና አባቴ እንሰለቸዋለን፤ ግን ጠግበን እናድር ነበር።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ጎኗን ይወጋት ጀመር። መጀመሪያ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ትሠራ ነበር፤ በኋላ መሥራቱንም ተወችው። ጥቅምት ላይ አባቴ በቅሎ ለምኖ አመጣና ወደ ወላጆቿ አገር ሊወስዳት ተነሣ። እነሱ ዘንድ ሆና የማርያም ጠበል እንድትጠመቅ ነው። በቅሎው ተጭኖ ሰዎች እየተሰናበቱ ሳለ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ጎመኑ አብቦ ጨርሶ ፍሬ ይዟል፤ ዘሩ ያለበት ቆብ ገና አረንጓዴ ነው።

«ብርቄ፣ ዘሩን አደራ» አለችኝ። «ሲደርቅ እታለም ይሰበስቡታል። አንቺ ደግሞ ጠብቂልኝ። ሰኔ ዝናቡ ሲጥል መጥቼ በእጄ እዘራዋለሁ።»

እናቴ ይህን ያለችው ልጅ ለማጽናናት ይመስለኛል። እኔ የገባኝ ግን በሌላ መንገድ ነው። ዘሩ ካለ ትመጣለች። ዘሩ ከጠፋ የምትመጣበት ምክንያት የለም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር መስሎኝ ነው።

እታለም የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ስማቸው አስካለ ነው፤ አባቴ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ይላቸዋል፤ እኔም እንደሱ እታለም እላለሁ። አባቴን «አንተ» እያልኩ እሳቸውን «እርስዎ» የምለው እንዲያው ለክብር ብቻ አይደለም፤ እፈራቸው ነበር። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ዘመሮ አጠገብ ለብቻቸው ነበር የሚኖሩት። ቤቱን ሊይዙልን አህያ እየነዱ መጡ። አህያዋ ላይ አንድ ቁርበት፣ ማታ የሚለብሱት ጥቁር ባና፣ አንድ እንስራ ተጭኗል። ባናው በራሳቸው እጅ ከፈተሉት ሱፍ የተሠራ ስለሆነ ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅዱም። ከመቀነታቸው ላይ ደግሞ በቀይ ጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ ነገር ፈትተው ግድግዳው ኩላብ ላይ ሰቀሉ።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የጎመን ዘር። የእኔ።»

እሳቸውና እናቴ እንደማይዋደዱ አውቃለሁ። እታለም ለወንድማቸው የዘመሮ ልጅ አጭተው ኖሯል፤ አባቴ እምቢ ብሎ ግሼ ሄዶ አገባ። እናቴ ይህንን በተናደደች ቁጥር ስለምታነሣው ጠንቅቄ ነው የማውቀው። እንግዲህ እኚህ ሴትዮ እናቴ በሌለችበት የእሷን ጎመን አጥፍተው የራሳቸውን ሊዘሩ ነው የመጡት ብዬ ደመደምኩ።

በማግሥቱ ጓሮ ወጥተው የጎመኑን ግንድ በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት። «ይሄ ነው እንግዲህ ያ የግሼ ጎመን» አሉ። «ቁመት ብቻ።» እኔ ከኋላ ቆሜ አንድ ነገር ቢያደርጉት ለአባቴ ልናገር ተዘጋጅቻለሁ። አጎንብሰው ከመካከሉ ቀጫጭኖቹን እየነቀሉ ለበጎች መወርወር ሲጀምሩ ሮጬ ሄድኩና «አባባ፣ እታለም የእናቴን ጎመን እየነቀሉ ነው» አልኩት። አባቴ እርሻ ቦታ ሞፈር ያበጅ ነበር። ሳቀ እንጂ አልተነሣም።

ስመለስ እታለም ወገባቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። «ከሰስሽኝ?» አሉ። «ነይ ወዲህ። ዘር ከሁሉ አይወሰድም። ደካማው ተነቅሎ ይወጣል፤ ብርቱው ሰፊ ቦታ ያገኛል። ከብርቱውም ቢሆን ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ያለው ነው ለዘር የሚያዘው፤ ቀድሞ ያፈራው ስለሆነ የደረሰ ነው። የጫፉ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እናትሽ ይህን አላሳየችሽም?»

አሳይታኛለች አልኩ። አላሳየችኝም ነበር።

ቆቡ ቢጫ ሲሆን፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ሰበሰብነው። ፀሐይ ከወጣች ቆቡ በንክኪ እየተፈነዳ ዘሩ መሬት ይቀራል፤ ስለዚህ ጤዛው ሳይደርቅ ነው የሚታጨደው። እጄ በብርድ ቀይ ሆኖ፣ ጎመኑን ሕፃን እንደማቀፍ አቅፌ ቁርበት ላይ አስተኛለሁ። ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ደረቀ። ፀሐይ ላይ እናስጣው ስላቸው «አንቺን ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ላስጣሽ?» አሉኝ። ከዚያ በእጃቸው እያሹ ፈለፈሉት፤ በሰፌድ አበጠሩት፤ እንደ አሸዋ የደቀቀ ቡናማ ዘር ወጣ። አንድ ፍሬ በጥፍራቸው ጨፍልቀው አሳዩኝ። ውስጡ ቢጫ ነው። «ቢጫ ከሆነ ደርሷል። አረንጓዴ ከሆነ ግን ሳይደርስ ነው የቸኮልሽው።»

በወንፊት የተነፋ አመድ ቀላቀሉበትና እናቴ በየዓመቱ ዘር የምታኖርበት ቅል ውስጥ ጨመሩት። ቅሉ ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣ ነው፤ እኛ አገር ብርዱ ቅል አያበቅልም። እስከ አፉ ሞሉት፤ ወለሉ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረጉና እንደገና ጨመሩ።

«ለምን እንዲህ ይሞላል?»

«ባዶ ቦታ ከተውሽለት ትል ያድርበታል።»

ጨርቅ ወተፉበት። በጨርቁ ላይ እበትና አመድ ለውሰው መረጉት። በመጨረሻ አውራ ጣታቸውን መሃሉ ላይ ተጫኑት። የእታለም አውራ ጣት ሰፊ ነው፤ ድሮ ማጭድ የቆረጠው ቦታ ጠባሳ አለው። ጠባሳው ሳይቀር እበቱ ላይ ወጣ። «አሁን እስከ ሰኔ የነካው ሰው ይታወቃል» ብለው ከመደቡ በላይ፣ ከምድጃው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ካለው ኩላብ ላይ ሰቀሉት። እኔ በየቀኑ ጠዋት ቀና ብዬ አየዋለሁ። እዚያው ካለ፣ እናቴም አለች።

በጥምቀት ሰሞን አባቴ እናቴን ሊጠይቅ ግሼ ሄዶ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። እታለም እግሩን እያጠቡት «እንዴት ናት?» ሲሉት «ትንሽ ይሻላታል» አለ። ሲል ግን የሚያየው ውኃውን ነው። እኔ ያኔ ብዙ ነገር ባይገባኝም የአባቴን ፊት ማንበብ እችል ነበር። ትንሽም አልተሻላትም።

በጠርሙስ ጠበል ይዞልን መጥቷል። እታለም በማግሥቱ ጠዋት ምንም ሳንቀምስ ሦስት ጊዜ አጠጡኝ። ከዚያ በመዳፋቸው እየያዙ ቤቱን ሁሉ ረጩት። የእናቴን መኝታ ረጩ። የእናቴን እንዝርት ረጩ። ኋላ ወላጆቿ የሰጧትን ላም ወጥተው ግንባሯን ረጩ። የቀረውን በጠርሙሱ እንዳለ ወትፈው ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አኖሩት። እኔ እየተከተልኩ አያለሁ። የእናቴ የሆነ ሁሉ ተረጨ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዋናው ነገር።

ረስተውት ነው ወይስ ሆን ብለው? ቀይ ጨርቁ ትዝ አለኝ። ሆን ብለው ነው አልኩ።

እታለም ውኃ ሊቀዱ ወደ ወንዝ ሲወርዱ መደቡ ላይ ወጥቼ ቅሉን አወረድኩ። ምርጉን በጥፍሬ ፍቄ አነሣሁ፤ ጨርቁን አወጣሁ። የጠበሉን ጠርሙስ ከግድግዳው ስንጥቅ አውጥቼ በስመ አብ ብዬ አንድ ጊዜ፣ ወወልድ ብዬ አንድ ጊዜ፣ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ አንድ ጊዜ አፈሰስኩበት። የተረፈ ስለነበረ ለእናቴ ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ከበረት ትኩስ እበት አምጥቼ ከአመድ ጋር ለውሼ መረግሁት፤ እሳቸው እንዳደረጉት አውራ ጣቴን መሃሉ ላይ ተጫንሁ። መልሼ ሰቀልሁት። ልቤ በደስታ ሞላ። አደራዬን ከእታለም የበለጠ የጠበቅሁ መስሎኝ የዚያን ዕለት ምሳዬን ሁለት ጊዜ በላሁ።

በአራተኛው ቀን አንድ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ ነው የሚመስለው። በአምስተኛው ቀን መደቡ ላይ ስቀመጥ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። ማንም ሳይኖር ጠብቄ ቅሉን አወረድሁና ከፈትሁት። ውኃውን የጠጣው አመድ ከነዘሩ ዝቅ ብሎ ከላይ ባዶ ቦታ ትቷል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ነጫጭ፣ ቀጫጭን፣ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ትሎች ሞልተዋል።

እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም። አውራ ጣቴን ግን መልሼ እንደ ተጫንኩ አውቃለሁ፤ ከልማድ ይሆናል።

ያን ዕለት ራት አልበላሁም። በማግሥቱም አልበላሁም። ጠበል ያፈሰስኩት እናቴን ለማዳን ነበር፤ ጠበል ደግሞ ክፉ ነገር አያደርግም። ስለዚህ ጥፋቱ ከእኔ ነው። እጄ ቆሽሾ ይሆናል፣ ወይም ቁርስ ከበላሁ በኋላ ነው ያፈሰስኩት። ዘሩ ጠፍቷል፤ እናቴ አትመጣም። ውጭ ወጥቼ ወደ ግሼ የሚወስደውን መንገድ ሳይ ባዶ ነው። እታለም ግንባሬን ይዳብሳሉ። «ሆድሽን ነው? ራስሽን ነው? ተናገሪ እንጂ፣ አፍ የለሽም?» ይሉኛል። ማር በጥብጠው ሰጡኝ፤ የቤቱ ማር ሁሉ ለእናቴ ጠበል መንገድ ስለተሰጠ ከየት እንዳመጡት እስካሁን አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን እታለም ከበረት ሲገቡ በሩ ላይ ቆሙ። አፍንጫቸውን አነሡ። «ጾም ሳይገባ ሰናፍጭ የበጠበጠው ማነው?» አሉ። ሽታውን እየተከተሉ መጡና ቅሉን አወረዱት። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ምርጉን አዩት። የራሳቸውን አውራ ጣት አጠገቡ አድርገው ለኩት። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ።

«እጅሽን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። አውራ ጣቴን ይዘው እበቱ ውስጥ ካለው ጉድጓድ አስገቡት። ልክክ አለ።

«ምን አደረግሽበት?»

«ጠበል።»

«ስንት?»

«ሦስት ጊዜ። አንድ ደግሞ ለእናቴ።»

አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ሰፌድ አምጥተው ቅሉን ገለበጡት። ከታች ያለው ጠቁሮ ተበላሽቷል። ከላይ ያሉት ነጫጭ ነገሮች ተያይዘው ወጡ። እኔ ዓይኔን ይዤ «ትሉን አያሳዩኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አደራውን፣ ሰኔን፣ የተረጨውን ሁሉና ያልተረጨውን፣ የእሳቸውን ቀይ ጨርቅ ሳይቀር ነገርኳቸው።

እታለም አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ከዚያ እጄን ከዓይኔ ላይ አነሡ። «ትል አይደለም፤ ሥር ነው። በቅሏል። ጎመን ነው እኮ፣ ውኃ ካገኘ ይበቅላል። ጠበል ይሁን የወንዝ ውኃ እሱ ምን ያውቃል።» እውነትም ከነጩ ክር ጫፍ ላይ እንደ ልብ ቅርጽ የተከፈለች ቢጫ ቅጠል አለች። አንዷ ላይ ገና የዘሩ ቅርፊት አልወለቀም።

«እንግዲያው ደህና ነው?»

«ምን ደህና ነው፣ በጥር ወር።» በረዶ የመሰለ ውርጭ በየጠዋቱ ሜዳውን የሚያነጣበት ጊዜ ነው። ያልበቀለውም ቢሆን ረጥቧል፤ ቢደርቅ ዘር አይሆንም። የእናቴ ዘር ሁሉ እዚያ ሰፌድ ላይ ነው ያለው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «የእርስዎን ዘር ቅሉ ውስጥ እናድርገው። የእሷ ነው እንበላት።»

እታለም ተቆጡ። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲቆጡ አላየሁም። «እናትሽን ላታልላት? እኔ እሷን አልወዳትም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ታምማ ተኝታ፣ አደራ ያለችውን ዘር በሌላ ለውጬ ላታልላት? እንዲህ ያለ ነገር ደግመሽ ከአፍሽ እንዳይወጣ።» ከዚያ ሰፌዱን አንሥተው ወጡ። «ነይ፤ ቀጭን እንጨት ፈልጊ።»

ከቤቱ ጀርባ፣ ምድጃው ያለበት ግድግዳ ሙቀት የሚያሳልፍበት፣ የድንጋዩ አጥር ነፋስ የሚጋርድበት ጠባብ ቦታ አለ። የበግ ፍግና አመድ ቀላቅለው አለሰለሱት። እኔ በእንጨቱ ጉድጓድ እከፍታለሁ፤ እሳቸው ሥሩን እንዳይሰብሩ በሁለት ጣት እየያዙ ያስገባሉ። አንዱን ሲያስገቡ «እንካ፣ የግሼ ልጅ» ይሉታል። ግማሽ ቀን ጎንበስ ብለን ዋልን።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉ ከአጥሩ ወዲያ አንገታቸውን አሰገጉ። «እትዬ አስካለ፣ ምን እየተከሉ ነው?»

«ጎመን።»

«በጥር?»

«አማረኝ።»

ወይዘሮ ሙሉ እሑድ ቅዳሴ ላይ ይህን ወሬ ሳያዳርሱት አልቀሩም፤ ሰኞ ወንዝ ስንወርድ እንስራ የያዙት ሴቶች ሁሉ እታለምን እያዩ ይሳሳቃሉ። አንዷማ «እርጅና ክፉ ነው፣ ወር ያስረሳል» ስትል ሰማኋት። እታለም በዘመሮ ዙሪያ ሰው ዘር ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲነሣ አየሁ፤ ግን እንስራቸውን ሞልተው አዘሉና ሄድን።

አባቴም አየ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ «እታለም፣ ምን ነክቶሽ ነው በዚህ ውርጭ ጎመን የምትተክይው?» አላቸው።

«የሚስትህ ዘር ረጥቦብኝ ነው። ውኃ ደፋሁበት።»

አባቴ ማመን አቃተው። «አንቺ?»

«እኔ። እጄ ከዳኝ። ምን ይሁን ነው የምትለው?»

አፌን ልከፍት ስል እታለም በባናው ስር ጭኔን ቆነጠጡኝ። ሲያምም ሌላ ነው። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን እሳቱን ነው የሚያዩት። የአባቴ ፊት ላይ ኀዘን ነበር። እህቱ አረጀችበት።

በመጀመሪያው ሳምንት ችግኙን በገለባ እየሸፈንን እናሳድር ነበር። ነፋሱ ገለባውን ወስዶ ጠዋት ግማሹ ጠውልጎ፣ ጠቁሮ አገኘነው። እኔ ማልቀስ ስጀምር እታለም «እንባሽን ለውኃ ማጠጫ አቆዪው» አሉኝ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ባናቸውን አወጡ። ያን ማንም የማይቀመጥበትን ባና ዱላ ተክለው በላዩ ዘረጉት፤ ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባናው ማታ ማታ የጎመኑ ሆነ። ጠዋት ስናነሣው ውርጭ ይዞት ደርቆ ይቆማል። እኔና እሳቸው በሁለት ጫፍ ይዘን እናራግፈዋለን፤ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን።

«እርስዎን አይበርድዎትም?» አልኳቸው።

«ሽማግሌ አይበርደውም። ሥጋ የለው፣ ብርዱ ምኑን ይይዛል።»

አመንኳቸው። ትልቅ ሰው የማይበርደው መስሎኝ ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ጠዋት ግን ቀድሜ ነቃሁ። እታለም ቁርበታቸው ላይ ተጣጥፈው፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሰማሁ። የእኔን ብርድ ልብስ ይዤ ሄድሁና ከጀርባቸው ተለጥፌ ተኛሁ። ጀርባቸው አመድና ጎመን ይሸታል። «ምን ትለጠፊብኛለሽ» አሉ፤ ግን አልገፉኝም። እታለምን የወደድኳቸው ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ስወድ እንደዚያ ቀን በድንገት ነው የምወደው።

ውኃ ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆነ። እህል የታጠበበት፣ እጅ የታጠበበት ውኃ አይደፋም፤ በጣሳ ተይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አንድ ግልገል አጥር ዘሎ ሦስቱን በላብን። ስድስቱ እንዲሁ ደረቁ። መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ቆጠርናቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ። አሥራ አንዱም ቁመት ብቻ ነበሩ፤ እታለም እንዳሉት። ከፋሲካ በኋላ አበቡ። አገሩ ሁሉ ባዶ መሬት ሆኖ የእኛ ጓሮ ብቻ ቢጫ አበባ ለብሶ ታየ። ወይዘሮ ሙሉ አጥሩ ላይ ተደግፈው አዩና አልሳቁም።

እናቴ ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መጣች። በበቅሎ ሄዳ በእግሯ መጣች። ቀጥናለች፤ ግን እጇ ጎኗ ላይ አልነበረም። አንገቷ ላይ ተንጠልጥዬ ስጨርስ፣ ከሰው ሁሉ ጋር ተሳስማ ስትጨርስ፣ ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ተከተልኳት። አሥራ አንዱ ጎመን ቆቡ ቢጫ ሆኖ፣ ደርቆ ቆሟል።

«በበጋ ጎመን የዘራው ማነው?» አለች።

«እታለም ዘሩ ላይ ውኃ ደፍታበት ነው» አለ አባቴ።

እናቴ እታለምን አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። የእናት ዓይን አይታለልም፤ እኔ ደግሞ መሬት መሬት ነው የማየው። «እርስዎ? ውኃ ደፉ?»

«እኔ ነኝ ተባልሽ አይደል? ስንት ጊዜ ልናገር?» አሉ እታለም።

እናቴ አንድ ቆብ ቆርጣ መዳፏ ላይ አሸችው። ዘሩን ጨፍልቃ አየች፤ ውስጡ ቢጫ ነው። አሸተተችው። ከቀረው ግንድ ላይ ቅጠል ቆርጣ በጣቷ ዳሰሰች። «የእኔው ነው» አለች። ዞር ብላ የእታለምን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል «ተነሺ፣ ገና ከበሽታ መነሣትሽ ነው» ብለው በክንዷ ያዟት። እንደያዟት ቆዩ።

በማግሥቱ ጤዛው ሳይደርቅ ሦስታችን አጨድነው። ዝናቡ ስለጀመረ ቤት ውስጥ ምድጃ ዳር ነው ያደረቅነው። የወጣው ዘር ከታኅሣሡ ግማሽ አይሞላም። እናቴ እፍኝ ይዛ ወጣችና ራሷ በእጇ ዘራችው። ዝናቡ ራሷ ላይ እየወረደ ግቢ ስትባል እምቢ አለች። ሁሉንም ግን አልዘራችም፤ ዝናቡ ቢከዳ ብላ ግማሹን አስቀረች።

እታለም ሊሄዱ አህያቸውን ሲጭኑ ቀዩን ጨርቅ ከኩላቡ አወረዱ። ፈትተው ውስጡ የነበረውን ዘር ወረቀት ላይ ገለበጡት። «ይሄን ለዚያች ስቃ ለማትጠግብ ጎረቤትሽ ስጫት» አሏት ለእናቴ። ባዶውን ጨርቅ ዘረጉላት። «ለእኔ ከዚያ ቋጥሪልኝ።»

«የግሼ ጎመን?» አለች እናቴ። ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«ውርጭ አይነካውም። አይቻለሁ።»

እናቴ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ አደረገችላቸው። እታለም ጨርቁን አላጠፉትም። «ጨምሪ» አሉ። ጨመረች። «አሁንም ጨምሪ፤ ይህን ያህል ብርድ በልቼ።» አባቴ ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር።

የቀረውን ዘር ከአመድ ጋር ቀላቅላ ቅሉ ውስጥ ጨመረች። ቅሉ ስለማይሞላ ባዶውን ቦታ በደረቅ አመድ ሞላችው። ጨርቅ ወተፈች፤ በእበት መረገችው። አውራ ጣቷን ልትጫን ስትል እታለም እጇን ያዙ።

«የእሷ ይሁን» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ።

«የብርቄ? ለምን?»

«አደራ የተባለችው እሷ አይደለችም?»

ቅሉን ወደ እኔ አዙረው ያዙልኝ። አውራ ጣቴን እርጥቡ እበት መሃል ላይ አድርጌ፣ ማንም እንዳይከፍተው፣ ምንም እንዳይገባበት፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ ተጫንሁ።

«በቃሽ» አሉ እታለም። «ቅሉን ልትሰብሪው ነው?»